አሥራ ሦስተኛው ሣጥን

ሶዶ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ወጉ ስለሆነ ጠየቅኩ እንጂ የሦስቱንም መልስ አውቀዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ ከክንዴ በማይርቅ አልጋ ላይ ተኝተሻል። ጤናሽ ሙሉ ነው። እንቅልፍሽ ቀን ቀን እጅግ ያማረ ነው፣ ሲመሽ ግን ሰፈሩ ሁሉ አብሮሽ እንዲነቃ ትፈልጊያለሽ። እኔም ከእንቅልፍ እጦት በቀር ደህና ነኝ። እማዬ ደህና ናት። አባባና አጎቴ ኤርካሎም ደህና ናቸው፤ አሁን ሳሎን ተቀምጠው ነገ ጠዋት ማን አንቺን ፀሐይ እንደሚያሞቅ ይከራከራሉ። ለስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ክርክሩን ለማስቆም የሞከረ የለም።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ እንደማታነቢው አውቃለሁ። የወር ልጅ ነሽ፤ እስካሁን ያነበብሽው የእማዬን ፊት ብቻ ነው። በፖስታ አሽጌ አስቀምጠዋለሁ፤ በ2036 መስከረም፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ በእጄ እሰጥሻለሁ። ያኔ አንቺ የዛሬዋን የእኔን ዕድሜ ትይዣለሽ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ስድስት እገባለሁ፤ ወፍሬ ከሆነ እንዳትስቂ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። አልፈለግኩሽም ነበር።

አትቆጪ፣ ስሚኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ብቸኛዋ ልጅ እኔ ነበርኩ። ከእኔ በኋላ እማዬ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይቆዩላት ቀርተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን ጨርሼ ከጭንቅላቴ ላይ ድንጋይ ወረደልኝ ባልኩ በሳምንቱ፣ አርባ ሦስት ዓመት የሆናት እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ አለችኝ። እማዬ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጥታ እዚሁ የቀረች አዋላጅ ነርስ ናት። ሃያ ዓመት የሰው ልጅ ስታዋልድ የኖረች ሴት የራሷን ስድስት ወር ሙሉ ከሰፊ ቀሚስ ስር ደበቀችኝ። አንቺም እንዳትቆዪላት ፈርታ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይህ አልገባኝም። የገባኝ ጓደኞቼ እንደሚስቁብኝ ብቻ ነው። እውነትም ሳቁ፤ አንዷማ ልጅሽ መቼ ነው የሚወለደው ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የእማዬን ሆድ ነበር። በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ፣ እግርሽ አብጧል ወይ። እኔን ደህና ነሽ ወይ ያለኝ ሰው አልነበረም። ተቆጣሁ፤ ቁጣዬን ይዤ ከቤት የሚያስወጣኝ ሥራ ፈለግኩ። አገኘሁም።

ዶክተር ሰብስቤ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፤ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ዳታ የሚባለውን የቃሪያ ማባያችንን ለምዶ ሳይጨርስ በየምሳው እንባውን የሚያፈስ ሰው ነው። የአፈር እርጥበት የሚለኩ አሥራ ሁለት ሣጥኖች ነበሩት። እያንዳንዱ የጫማ ካርቶን ያህላል፤ በላዩ ትንሽ ሶላር አለው፣ እግሩ መሬት ውስጥ ይቀበራል። አንዳንዶቹን ሁምቦ ዛፍ መልሶ የበቀለባቸው ኮረብታዎች ላይ፣ አንዳንዶቹን ቦምቤ አካባቢ ተክሏቸዋል። ሣጥኖቹ በስልክ መረብ በየሰዓቱ ቁጥራቸውን፣ ቀኑን፣ ያሉበትን ቦታና የአፈሩን እርጥበት ይልካሉ። ሊጠግናቸው የሄደ ሰው ደግሞ አጭር ማስታወሻ ሊጽፍባቸው ይችላል፤ ከሃያ ፊደል ግን አይበልጥም። ከቢሮም መልስ መላክ ይቻላል። የእኔ የበጎ ፈቃድ ሥራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ የመጣውን መመዝገብ ነበር። ባትሪ ተቀየረ፣ ጉንዳን ገባበት፣ ፍየል ነከሰው። ከማስታወሻዎቹ የሚበልጠው ስለ ፍየል ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሥራ ሦስተኛ ሣጥን መላክ ጀመረ።

አሥራ ሦስተኛ የሚባል ሣጥን የለንም። ቀኑ ደግሞ መስከረም 2036 ይላል። ማስታወሻው ላይ ሦስት ቃል ተጽፏል፤ «ደህና ነሽ ወይ»።

ዶክተር ሰብስቤ የሣጥን ሰዓት ሲያብድ አንዳንዴ ቁጥሩም አብሮ ያብዳል አለኝ። እሺ ብዬ አሥራ ሁለቱን ቆጠርኩ፤ ሁሉም በየቦታቸው ሆነው በትክክለኛው ቀን ይልካሉ። እንግዲያው ያበደው የቱ ነው ብዬ ስጠይቀው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ምሳ ልብላ ብሎ ወጣ። ብቻዬን ቀረሁ። ማን እንደሚያነበው ሳላውቅ፣ እንዲያው ጥያቄው ልቤን ነክቶኝ፣ «ደህና አይደለሁም» ብዬ ጻፍኩለት። በማግስቱ መልስ መጣ፤ «አውቃለሁ ይሻልሻል» ይላል። እህቴ፣ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የማላውቀው ሰው አዝኖልኝ አለቀስኩ ስልሽ አላፍርም።

ወሬው ግቢውን ለመዞር ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የበር ጥበቃው ጋሽ ወልደመስቀል ይህ የሰው ሥራ አይደለም ብለው በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይዘው መጡና አንቴናውን ረጩት። አባባ ደግሞ ነገሩን ሰምቶ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌው አንቴናው ላይ እጃቸውን ጭነው ሩብ ሰዓት ጸለዩ። ሁለቱ አዛውንት በሃይማኖት ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰይጣን ሰው ደህና ነሽ ወይ ብሎ እንደማይጠይቅ ተስማሙና ጥላው ስር ቁጭ ብለው ቆሎ በሉ። አሥራ ሦስተኛው ሣጥን መላኩን ቀጠለ።

ዶክተር ሰብስቤን ያስጨነቀው ማስታወሻው ሳይሆን ቁጥሩ ነበር። ዝናቡ በሳምንት አምስት ቀን ሲጥል የእኛ ሣጥኖች እርጥበት ሽቅብ ሲወጣ፣ የአሥራ ሦስተኛው ረጋ እንዳለ ነው። ወረቀት ላይ አስምሮ አሳየኝ። ይህ ውኃውን ሥሩ የሚጠጣለት ኮረብታ ነው፣ ዛፎቹ ቢያንስ አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ናቸው አለኝ። ከዚያ ሣጥኑ ያለበትን ቦታ በካርታ ላይ ፈለግን። ከሃላሌ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቁልቁለት ላይ ነው። ከሰማይ በተነሳው ፎቶ አንድም ዛፍ የለበትም፤ ራቁቱን የቆመ ቀይ አፈር ነው። ከስሩ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል። ጣሪያውን ሳየው አወቅኩት። የአጎቴ የኤርካሎ ቤት ነበር።

እዚህ ላይ የስድስት ዓመቱን ጠብ ልንገርሽ፤ አሁን ሲስቁ ስለምታያቸው አታምኝም። አባባችን ሻንቆ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነው። እዚህ ሶዶ ቤት ሲሠራ እንጨት ቸገረውና አያታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተከሏቸውን፣ ከአጎቴ ቤት በላይ ያሉትን ዝግባዎች ቆረጣቸው። የአባቴም ርስት ነው ብሎ፣ አጎቴ ገበያ ሄዶ ሳለ። አጎቴ ሲመለስ ቀና ብሎ አየና ጀርባዬን አራቆትከው አለው። አባባም መልስ አላጣም። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወንድም የለኝም አሉ። ይኸው ከአልጋሽ በላይ የምታዪው የጣሪያ ማገር ያ ዝግባ ነው።

ሦስተኛው ማስታወሻ በነሐሴ መጨረሻ መጣ፤ «ፎቶው ሻንጣው ስር ነው»። ቤታችን ውስጥ ሻንጣ የሚባል አንድ ብቻ ነው፣ እማዬ ከደብረ ማርቆስ ይዛው የመጣችው። ውጪ ስትወጣ ጠብቄ ከስሩ የተነጠፈውን ጋዜጣ አነሳሁ። ሁለት ጎረምሶች በአንድ ብስክሌት ላይ ተደራርበው ይስቃሉ፤ አባባና አጎቴ። ከኋላቸው ዝግባዎቹ ቆመዋል። አባባ በተጣላ ጊዜ ለሁለት ቀዶት፣ እማዬ ለቅማ በፕላስተር አጣብቃዋለች። ይህን ከእማዬ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ነው ሣጥኑን መፍራት ትቼ ማመን የጀመርኩት።

አራተኛው መስከረም ሁለት ቀን መጣ፤ «በጊፋታ ከቤቱ ውጡ»። ከስሩ አራት ፊደል ያለው የሰው ስም ተፈርሟል። በዘራችንም በሰፈራችንም በዚያ ስም የሚጠራ አላውቅም። ስሙን ለዶክተር ሰብስቤም አላሳየሁትም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ለእኔ ብቻ የተላከ መሰለኝ።

ከየትኛው ቤት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሣጥኑ የቆመበትን ቦታ አውቃለሁ። ዘንድሮ ክረምቱ አልወጣ ብሎ ነበር። ጊፋታ፣ አዲስ ዓመታችን፣ ሊደርስ ሁለት ሳምንት አካባቢ ቀርቶታል። አጎቴ፣ ሚስቱና አምስት ልጆቹ ያን ራቁት ቁልቁለት ተንተርሰው ይተኛሉ።

መጀመሪያ ለአባባ ነገርኩት። ሳቀ፤ መሳቁን ሲጨርስ ለዚያ ሰው የምልከው ቃል የለኝም አለ። ዶክተር ሰብስቤ ያልተከልኩት ሣጥን የነገረኝን ለወረዳ ብጽፍ እኔን ነው የሚያሳክሙኝ አለ፤ ቢሆንም ለሚያውቃቸው ባለሙያዎች ደውሎ ቁልቁለቱን እንዲያዩት ለመነ፣ እነሱም ዝናቡ ሲያባራ እንሄዳለን አሉት። በመጨረሻ ራሴ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ስሜን ሲሰማ ደስ አለው፣ በወላይትኛ ሳሮ፣ ሳሮ እያለ ሰላም አለኝና ስለ እማዬ ጠየቀኝ፤ ጉዳዩን ስነግረው ግን ድምፁ ተቀየረ። «አባትህ ቃል ካለው በእግሩ ይምጣ፣ መንፈስ አይላክብኝ» አለና ዘጋው። አጎቴ በአማርኛ ሲቆጣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» እያለ ነው የሚቆጣው።

ያን ጊዜ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። በጊፋታ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ዓመቱን መሻገር ነውር ነው፤ የታረቀ ደግሞ አብሮ ይበላል። ስለዚህ አስታርቄያቸው አጎቴን ከነቤተሰቡ ለበዓሉ ሶዶ ባስመጣው ቤቱ ባዶ ይሆናል አልኩ። ፎቶውን በአባባ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በዚያ ሳምንት የሚያነበው ገጽ ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ሳሎን ስገባ ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ብስክሌቱን አላየውም፣ ራሱንም አላየውም፤ ዝግባዎቹን ነበር የሚያየው። እኔ አጥፍቻለሁ አለኝ። አባቴ ይህን ቃል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሦስት ሽማግሌ ይዞ በማግስቱ ሃላሌ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ከበር ጀምሮ ይዘፍናል። ታረቁ። ተቃቅፈው አለቀሱ፣ አጎቴ በግ አረደለት። እኔም ከደስታዬ ብዛት ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩና መቼ ይመጣሉ አልኩት። አባባ ግራ ገብቶት አየኝ። የት ነው የሚመጡት አለኝ። እሱ እኮ ባይራ ነው፣ ታላቅ ነው፤ ጊፋታ በታላቅ ቤት እንጂ በታናሽ ቤት ተበልቶ ያውቃል ወይ? ሁላችንም ወደ እሱ እንሄዳለን፣ አክስቶችሽም፣ ልጆቻቸውም፣ ጎረቤቱም፣ ከሠላሳ ሰው አናንስም አለ።

እህቴ፣ የወላይታ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴን ለማንም እንዳትናገሪ። ስድስት ዓመት ለብቻችን ስንበላ የበዓሉ ቤት የእኛ ቤት መስሎኝ ቀርቶ ነበር። አንድ ቤተሰብ ከዚያ ቁልቁለት ስር ላወጣ ተነስቼ ሠላሳ ሰው ልጨምርበት ነው፤ ከእነሱ መካከል ደግሞ ስምንት ወር የሞላት እናቴ አለች። በሆዷ ውስጥ ማን እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ ታምሜያለሁም አልኩ። እማዬ ግንባሬን ዳስሳ ትኩሳት የለሽም፣ ልበሺ አለችኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ የታረቀ ወንድም ቤት አልሄድም ማለት ጠቡን እንደገና መጀመር ነው። እኔም አልቀርም አልኩ። እነሱ ከሄዱ አብሬ ሄጄ እግራቸውን ይዤ እጎትታቸዋለሁ እንጂ ሶዶ ተቀምጬ አልጠብቅም።

የጊፋታ እሑድ ሃላሌ ስንደርስ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ጥሎ ገና ማባራቱ ነበር። የአጎቴ ቤት ሞልቷል፤ በሬው ታርዷል፣ ቅቤው ይሸታል፣ ልጆች ግቢው ውስጥ እየዘለሉ ይዘፍናሉ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። የጓዳው በር አልዘጋ ብሏል፤ የአጎቴ ሚስት ትናንት ደህና ነበር እያለች በትከሻዋ ትገፋዋለች። ከቤቱ ጀርባ ያለው ምንጭ ደፍርሶ እንደ ቀይ ወጥ ሆኗል። ከእንሰቱ በላይ መሬቱ ላይ እጄን የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ። ዶክተር ሰብስቤ ተራራ ከመናዱ በፊት እነዚህን ነው የሚያሳየው ብሎኝ ነበር።

ገብቼ መሐል ቆምኩና ሁሉን ነገር ተናገርኩ። ሣጥኑን፣ ማስታወሻውን፣ በሩን፣ ስንጥቁን። ሰዎቹ በትሕትና አዳመጡኝ፤ ከዚያ አንዷ አክስቴ ልጅቷ ፈተና በዝቶባት ነው አለች። አጎቴ ተነስቶ ራሴን ሳመኝ። እንወጣለን አለኝ፣ ግን ባይራው ሳይቀምስ ማንም አይነሳም፤ አዲሱ ዓመት የሚገባው እሱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጥ ነው፣ ከዚያ ሰው ይበላል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ ሄደን ስንጥቁን እናየዋለን አለ። ይህ ማለት ሦስት ሰዓት ነው። ሙቹዋው፣ ከቆጮ የሚሠራው የበዓሉ ምግብ፣ በቅቤ ታሽቶ በኮባ ቀረበለት። ጉርሻውን ጠቅልሎ ወደ አፉ አነሳ።

እማዬ ያን ጊዜ ጮኸች።

ወገቧን ይዛ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ምጤ መጣ አለች። ቤቱ ታመሰ። በዚያ አገር ሴት ምጥ ከያዛት የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ወንዱ ሁሉ ቃሬዛ ለመሸከም ይሰለፋል፣ ሴቱ ሁሉ ከኋላ እየጸለየ ይከተላል፣ ልጆች ስለማይቀሩ ይሮጣሉ። የጎረቤቱም ሰው እየወጣ ተቀላቀለ። በሬው፣ ቅቤው፣ ሙቹዋው እንደቀረበ ቀረ። አጎቴ እንኳ ባይራነቱን ረስቶ ከፊት ለፊት አራት ሆነው ከያዙት አንዱ ሆነ። እኔ ከጎኗ እየሮጥኩ እጇን ስይዛት እማዬ አንዱን ዐይኗን ገልጣ አየችኝና፣ ምን ልበልሽ፣ ጠቀሰችኝ።

ሃያ ዓመት ምጥ ያየች ሴት ናት፤ ከእሷ አስበልጦ ማን ያስመስላል? በኋላ ስጠይቃት ሣጥኑን አላመንኩትም፣ ፊትሽን ግን አምኜዋለሁ አለችኝ። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ያን ፊት ሳዞርባት ነበር የከረምኩት።

ታዲያ ውሸቱ ሩቅ አልሄደም። ከወንዙ ማዶ ሽቅብ ስንወጣ እማዬ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ይህኛው የእውነት ነው አለችኝ። ተጠራሁ ብለሽ ነው መሰል፣ ዘጠኝ ወርሽ ሳይሞላ መጣሽ። ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ነኝ የጮኽኩት። ተሸካሚዎቹ ሊለዋወጡ ቃሬዛውን ባወረዱበት ቅጽበት ከኋላችን ድምፅ ሰማን። ብዙ የጭነት መኪና ባንድ ላይ ጠጠር ሲገለብጥ የሚሰማ ዓይነት ነው፣ ግን አላቆመም። ዞረን ስናይ ቁልቁለቱ እየተራመደ ይወርዳል። እንሰቱን ወሰደ፣ ቤቱን ወሰደ፣ ከዚያ ቆመ። የቆርቆሮው ጫፍ ብቻ ቀይ አፈሩ ውስጥ ያበራል።

ሰው ተቆጠረ። ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፣ ልጆቹ ሦስት ጊዜ። አንድም ሰው አልጎደለም። አባባ መንገዱ ላይ ተንበርክኮ የወንድሙን እግር ያዘና ዝግባዎቹን እያለ አለቀሰ። አጎቴ አነሳው፤ አሁን የምናወራው ስለ ዛፍ አይደለም፣ ያዝ፣ ሚስትህ ላይ ዝናብ ሊመጣ ነው አለው። ሊያነሳው የተጠቀመው ግን በአንድ እጁ ነበር። በሌላው እጁ ያ ጉርሻ፣ እንደተጠቀለለ፣ አሁንም አለ። ያንን ሁሉ መንገድ ይዞት እንደመጣ እሱም አላወቀም። መጀመሪያ እማዬ ናት ያየችው፤ ምጥ ላይ ሆና ሳቀች፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። እያለቀስን ሳቅን።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ብዙም አላስጠበቅሽንም። ድምፅሽ በግድግዳው አልፎ ውጪ ሲሰማ አጎቴ ጉርሻውን አነሳና ዋጠው። ስለዚህ የእኛ ቤት አዲስ ዓመት ዘንድሮ የገባው አንቺ ስታለቅሺ ነው፤ ስታነቢው ኩሪ።

ከዚያ አቀፉኝና አንቺን አስያዙኝ። ትንሽ ነበርሽ፣ ቀይ፣ የተቆጣሽ። እኔ አልፈለግኩሽም ነበር ብዬሻለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ አልሰጥም አልኩ። ስም የማውጣት ክብር የባይራው ነው ተባለና አጎቴ ቀረብ ብሎ አየሽ። አሰበ። ከዚያ አንድ ስም ተናገረ። በዘራችን የሌለ፣ በሰፈራችን የሌለ፣ አራት ፊደል ያለው ስም። ከየት አመጣኸው ሲሉት እንጃ፣ ፊቷን ሳየው መጣልኝ አለ። እሱ ያን ስክሪን አይቶ አያውቅም። ለማንም አልነገርኩም ነበር። ከነአንቺ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰዎቹ ደክሟት ነው አሉ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። አንቺ ታውቂዋለሽ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርሽ። የአጎቴ ቤተሰብ አሁን ከእኛ ጋር ነው፤ ቤታችን ስለጠበበ እኔ ከሦስት የአጎቴ ልጆች ጋር እተኛለሁ፣ አንዷ ትራገጣለች። ውጤቴ መጥቶ አልፌያለሁ። የምማረው የመሬትን ነገር ነው፣ ዶክተር ሰብስቤ ከአሁኑ መጻሕፍት እያሸከመኝ ነው። አባባና አጎቴ ጓሮ ውስጥ የዝግባ ችግኝ ደርድረዋል፤ በሚመጣው ክረምት ያን ቁልቁለት መልሰን እናለብሰዋለን ብለው ምለዋል። ዶክተር ሰብስቤ የአሥራ ሦስተኛውን ሣጥን ወረቀት አሁንም ከኪሱ አያወጣውም። ማን እንደላከው ሲጠይቀኝ ወሬውን ወደ ፍየል እመልሰዋለሁ።

ከሃላሌ በተመለስን ማግስት ወደ ቢሮ ሄጄ ነበር። አሥራ ሦስተኛው አንድ የመጨረሻ ማስታወሻ ልኮ ዝም ብሏል። «ደብዳቤውን ጻፊልኝ» ይላል። የምን ደብዳቤ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ወር ፈጀብኝ። ይኸው ጻፍኩ።

እንግዲህ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ከእኔ ጋር ወደዚያ ኮረብታ እንወጣለን። ዛፎቹ ያኔ አድገዋል፤ ጥላቸው ስር እንቀመጣለን። ሣጥኑን ገዝቼ እጠብቅሻለሁ፣ አሥራ ሦስት የሚለውን ቁጥር ግን ራስሽ ጻፊበት። ከሃያ ፊደል እንደማይበልጥ አትርሺ። የሚባለውን ሁሉ በየተራው እላይ አስፍሬልሻለሁ፤ አንዱንም አትዝለዪ። በተለይ የመጀመሪያውን እንዳትዘልዪብኝ። በዚያ ክረምት እኔን ያን የጠየቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። ዕድሜሽ እንደ ዝግባው ይርዘም፣ ሥርሽ ይጥለቅ፣ የቆምሽበት መሬት አይክዳሽ። እናትና አባትሽን አስቂያቸው። አሁን መንቃትሽ ነው፣ እግርሽን መወራጨት ጀምረሻል፤ ብዕሬን አስቀምጬ ላንሳሽ።

አሁን ደህና የሆንኩት፣
ታላቅ እህትሽ